ስሙን አልፈርምም ያለው ሊቅ

የሕግ ሰው ዕድሜውን የሚፈጀው በክርክር ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ዕድሜያችንን የምንፈጀው በፍለጋ ነው። አንዱ አዋጅ የቱን አዋጅ እንደሻረ፣ አንድ ቃል በየትኛው አንቀጽ በምን ትርጉም እንደገባ፣ ሰበር ሰሚው ችሎት ስለ ጉዳዩ ከዚህ በፊት ምን እንዳለ ስንፈልግ እንውላለን፤ ስንፈልግም እናመሻለን። ድሮ ይህ የዓይንና የአቧራ ሥራ ነበር። ዛሬ ሰነዱ በኮምፒዩተር የተለቀመ እስከሆነ ድረስ ቃሉን ጽፎ ፈልግ ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው ይባላል።

አማርኛ ለሚፈልግ ሰው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ፊደል ነው እንጂ ድምፅ አይደለም። ሕግ የሚለውን ቃል በሐመሩ ሐ ጽፈው ቢያዙት፣ በሃሌታው ሀ የተጻፈውን ህግ አጠገቡ ቆሞ አያየውም። ፀሐይ የሚለውን ቃል ደግሞ ይውሰዱ። ፀሐዩ ፀ አለ፣ ጸሎቱ ጸ አለ። መካከል ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሁለት በስድስት ሲባዛ አንዲት ፀሐይ በ12 ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ በአንድ ሰነድ ውስጥ እንኳ በአንዱ አንጸናም። አሥራ ሁለት ጊዜ መፈለግ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚሉት ነገር አለ። ቃሉን ሳይሆን የቃሉን መልክ ጽፎ ማዘዝ ነው። [ጸፀ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ ብሎ መጻፍ ይበቃል። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያሉት ፊደላት ከእነዚህ አንዱ ይሁን ማለት ናቸው። አሥራ ሁለቱም ፀሐዮች በአንድ ትእዛዝ ይወጣሉ።

ከዚህም ይርቃል። በየሰነዱ ስለ ምርመራ የተጻፈውን ሁሉ የሚፈልግ ጠበቃ መረመረ፣ ምርመራ፣ መርማሪ፣ ይመረምራል፣ ተመርምሮ እያለ መዘርዘር የለበትም። [መ-ሞ][ረ-ሮ][መ-ሞ][ረ-ሮ] ይላል፤ ከመ እስከ ሞ ካሉት አንዱ፣ ቀጥሎ ከረ እስከ ሮ ካሉት አንዱ፣ እንደገና እንዲሁ። ይህ የሚሆነው ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ በ1999 ሲገባ፣ (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ በተርታ ስለተቀመጠ ነው። የገበታው ፊደል ሠሪዎች ሳያውቁት ለኮምፒዩተር የሚመች ነገር ትተውልናል። ፍርድን በዚህ መንገድ መፈለግ ግን ይበልጥ ያስቸግራል። ፈረደና ፍርድ ይያዛሉ፤ ፈራጅ ግን ደ ወደ ጀ ስለተለወጠ ያመልጣል፤ ስለዚህ የጀን ቤተሰብም መጨመር ያስፈልጋል። ፍርድ ፍለጋ የወጣ ሰው ፎርድ የሚባለውንም መኪና ይዞ ይመለሳል፤ ፊደሉ ተስማምቷልና ማሽኑን መክሰስ አይቻልም።

ለምን ይህን ሁሉ አወራለሁ? ከዚህች ትንሽ የቅንፍና የኮከብ ምልክት ጀርባ አንድ ሰው ስላለ ነው። መሣሪያውን አልሠራም። ስሙም ከመሣሪያው ጋር እምብዛም አይነሳም። ለመሣሪያው መነሻ የሆነውን ሐሳብ ሲጽፍ ግን ዕድሜው 20 ነበር፤ ዲግሪም ሆነ ቋሚ ቤት አልነበረውም። ስሙ ዋልተር ፒትስ ይባላል።

ፒትስ በሚያዝያ 1923 በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት፣ በመኪና ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ዴትሮይት ተወለደ። ቤቱ የወዛደር ቤት ነበር። አባቱ ልጁ ትምህርት ትቶ ሥራ እንዲገባ የሚፈልግ፣ እጁም የሚከብድ ሰው እንደነበር ይነገራል። ልጁ ግን ላቲንና ግሪክን፣ ሎጂክና ሒሳብን በራሱ ያጠና ነበር፤ መምህሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር።

ወዳጆቹ ሲያወሩት የኖሩት ታሪክ እንዲህ ነው። በ12 ዓመቱ የሠፈር ጉልበተኞች ሲያሳድዱት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ተደበቀ። እዚያ ሳለ ኋይትሄድና ራስል የጻፉትን፣ ፕሪንሲፒያ ማቴማቲካ የሚባለውን ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አገኘ። ይህ መጽሐፍ ሒሳብን ሁሉ ከሎጂክ ለማውጣት የተጻፈ ነው፤ ወደ 2 ሺህ ገጽ የሚጠጋ ሲሆን አንድና አንድ ሁለት መሆኑን ለማስረዳት ከ300 ገጽ በላይ ይፈጃል። ልጁ ሦስት ቀን ተቀምጦ አነበበው። ከዚያም ለበርትራንድ ራስል ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የአድናቆት አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ያገኛቸውን እንከኖች የሚዘረዝር ነበር። ራስል ተቆጥቶ አልተወውም። ደብዳቤውን የጻፈው ልጅ መሆኑን ሳያውቅ ይመስላል፣ ካምብሪጅ መጥቶ እንዲማር ጋበዘው። የ12 ዓመት ልጅ እንዴት ይሂድ? ቀረ።

የዚህን ታሪክ እያንዳንዱን ቁራጭ በማስረጃ አጣርቼ አረጋግጣለሁ ብዬ አልምልም፤ የሊቆች ልጅነት ከሞቱ በኋላ ያድጋልና። ቀጥሎ የሆነው ግን በቂ ምስክር አለው። ፒትስ 15 ዓመት ሲሆነው ራስል በ1938 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር መምጣቱን ሰማ፤ ከቤት ጠፍቶ ቺካጎ ገባ። ወደ ወላጆቹ ቤት ተመልሶ አልኖረም። በዩኒቨርሲቲው አልተመዘገበም፣ ክፍያ አልከፈለም፤ ገብቶ ግን ይማር ነበር። ጄሮም ሌትቪን የሚባል ሐኪም ለመሆን የሚማር ወጣት በራስል ትምህርት ላይ አገኘውና ዕድሜ ልክ የቆየ ወዳጅነት መሠረቱ።

ሩዶልፍ ካርናፕም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ካርናፕ በዘመኑ ከነበሩት የሎጂክ ፈላስፎች ዋናዎቹ ከሚባሉት አንዱ ነው። አንድ ቀን ልብሱ የተጎሳቆለ ልጅ ቢሮው ገባ፤ የካርናፕን መጽሐፍ ይዟል፤ በየገጹ ዳር ማስታወሻ ተጽፎበታል። ያልገባውን ወይም ስህተት ያለውን ቦታ አሳየው፤ ስሙን ሳይናገር ወጣ። ካርናፕ ያን ልጅ ለማግኘት ወራት ፈጀበት። ሲያገኘውም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚተዳደርበት አነስተኛ ሥራ እንዲሰጠው አደረገ። ስም አለመናገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልማዱ ነበር ማለት ነው።

በ1941 ዋረን ማካሎክ የሚባል ሐኪምና የአንጎል ተመራማሪ ወደ ቺካጎ መጣ። ከፒትስ በ25 ዓመት ይበልጣል፤ ጢሙ የረዘመ፣ ግጥም የሚጽፍ፣ ሌሊቱን በጨዋታ የሚያነጋ ሰው ነበር። አንጎል እንዴት ያስባል የሚለው ጥያቄ ሲያሳድደው ኖሯል፤ ሒሳቡ ግን አልበቃውም። ሌትቪን ፒትስን ይዞለት መጣ። ማካሎክና ባለቤቱ ሁለቱን ቤት የሌላቸውን ወጣቶች ቤታቸው አስገቧቸው። ማታ የማካሎክ ልጆች ሲተኙ ሐኪሙና ከቤት የጠፋው ልጅ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እንዲህ እየሆነ በ1943 አንድ ጽሑፍ ታተመ፤ የነርቭን ሥራ በሎጂክ ስሌት የሚተነትን ነው።

ሐሳቡን በእኔ ሙያ ቋንቋ ላስረዳ። ሦስት ዳኞች የተሰየሙበትን ችሎት ያስቡ። ሁለቱ ከተስማሙ ውሳኔ አለ፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የለም። ማካሎክና ፒትስ እያንዳንዱን የነርቭ ሕዋስ እንዲህ ባለ ችሎት መሰሉት። ወደ ሕዋሱ የሚመጡት ምልክቶች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፁ ከተወሰነው ቁጥር ከደረሰ ሕዋሱ ይተኩሳል፣ ካልደረሰ ዝም ይላል። መካከለኛ መልስ የለም። በተጨማሪ የሚከለክል ምልክት አለ፤ እሱ አንዱ እንኳ ከመጣ የሌሎቹ ድምፅ ሁሉ ይቀራል። የሚያስፈልገው ቁጥር ከሁሉም ከሆነ ‹‹እና›› የሚለው ቃል ተፈጠረ፤ አንዱ የሚበቃ ከሆነ ‹‹ወይም››፤ ከልካዩ ሲገባ ደግሞ ‹‹አይደለም››። እነዚህ ሦስት ቃላት ካሉ የሎጂክ ቤት ሊሠራ ይችላል። ጫፉ ወደ ራሱ ዞሮ የሚመለስ የነርቭ ሰንሰለት ካለም ምልክቱ ሲዞር ይኖራልና ትዝታ ይሆናል። ይህችን የመዞር ነገር ይያዙልኝ፤ ወደኋላ እንፈልጋታለን።

እውነተኛው ነርቭ ከዚህ እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ እነሱም ያውቁ ነበር። ቁም ነገሩ ግን ሐሳብ በሽቦና በማብሪያ ማጥፊያ ሊሠራ የሚችል ነገር ሆኖ መታየቱ ነው። ጆን ፎን ኖይማን በ1945 የዘመናዊው ኮምፒዩተር መሠረት የሆነውን የኤድቫክ ሪፖርት ሲጽፍ በስም የጠቀሰው የታተመ ጥናት አንድ ብቻ ነው፤ የማካሎክና የፒትስ። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲም ለፒትስ ለዚህ ሥራው ሲል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ማዕረግ ሰጠው። በሕይወቱ የተቀበለው የመጨረሻም ማዕረግ ይኸው ሆነ።

በዚያው በ1943 ሌትቪን ፒትስን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከኖርበርት ዊነር ጋር አስተዋወቀው። ዊነር ራሱ በልጅነቱ ሊቅ የተባለ፣ በ18 ዓመቱ ዶክተር የሆነ፣ አባቱ በቁጣ ያሳደጉት ሰው ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ማስረጃ መጻፍ ጀመረ፤ ልጁ በየመሥመሩ አስተያየት ጣል ያደርግ ነበር። አንዱ ሰሌዳ ሳይሞላ ዊነር ፈላጊ ከነበረ ያገኘ ሆኖ ወጣ ይላሉ። ፒትስ ወደ ቦስተን አካባቢ ተዛወረ፤ በዊነር ሥር ልዩ ተማሪ ተባለ። ያጣውን አባት አገኘ ቢባል ማጋነን አይደለም። ለዶክትሬት የያዘው ሥራ የነርቭ መረቦች በሦስት ማዕዘናዊ ስፋት፣ ማለትም በወርድ፣ በቁመትና በጥልቀት ሲዘረጉ እንዴት እንደሚሠሩ የሚመረምር ነበር። ከዚያ በፊት ማንም ያልሞከረው ነው። በ1954 ፎርቹን መጽሔት ከ40 ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ድንቅ ሳይንቲስቶች ውስጥ ሲመርጠው፣ አብረውት ከተመረጡት መካከል ክሎድ ሻነንና ጄምስ ዋትሰን ነበሩ።

ለጥቂት ጊዜ ወደ ሌላ ሰው እንሻገር። በ1951 በጋ ስቲቨን ክሌኒ የሚባል የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሎጂክ ሊቅ በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ባለው የራንድ ኮርፖሬሽን ለመሥራት ሄደ። የማካሎክና የፒትስን ጽሑፍ ሰጡት። ጽሑፉን ለማንበብ የታደለ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ በጣም አስቸጋሪ ነው። ክሌኒም ሌላ መንገድ መረጠና ጥያቄውን ገለበጠው። እነዚህ የነርቭ መረቦች ምን ዓይነት የምልክት ቅደም ተከተል ለይተው ሊያውቁ ይችላሉ? መልሱን በሦስት ነገሮች ጠቀለለው። ይህ ወይም ያ የሚለው አንዱ ነው። ይህ ከዚያ ያ የሚለው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው፣ ይህ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይደጋገም፣ ጭራሹንም አይኑር የሚለው ነው፤ ይኸኛው ከላይ ያዙልኝ ካልኩት ከሚዞረው ሰንሰለት የመጣ ነው። ምልክቱ ኮከብ ናት፤ ዛሬም የክሌኒ ኮከብ ትባላለች። (በጣም )*ጥሩ ብሎ የጻፈ ሰው ጥሩን፣ በጣም ጥሩን፣ በጣም በጣም ጥሩንም አንድ ላይ ያገኛል። ከእነዚህ ሦስቱ ውጭ ሌላ አያስፈልግም፤ መረቡ የሚያውቀው በሙሉ በእነዚህ ይገለጻል፣ በእነዚህ የተገለጸውንም በሙሉ መረቡ ያውቀዋል። ክሌኒ እነዚህን ሬጉላር ብሎ ሰየማቸው፤ ስሙ እምብዛም ስላላረካው የተሻለ ስም ያለው ቢነግረው ደስ እንደሚለው በጽሑፉ ውስጥ ገልጿል። ያመጣለት አልተገኘም። ጥናቱ በ1956 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ።

እንግዲህ የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ሐሳብ በአገሪቱ ሌላ ጫፍ እንዲህ ሲያፈራ፣ እሱ ራሱ የት ነበር?

በ1952 ማካሎክ ቺካጎን ለቆ ፒትስና ሌትቪን ወዳሉበት ተቋም መጣ፤ በኤሌክትሮኒክስ ምርምር ላቦራቶሪው ውስጥ የአንጎል ጥናት ቡድን ሊመራ ነው። ዊነር፣ ማካሎክ፣ ፒትስና ሌትቪን በአንድ ጣራ ሥር ሊሠሩ ሆነ። የሕልም ቡድን ነበር። የቆየው ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

የዊነር ባለቤት ማካሎክን አትወደውም ነበር። የቤቱ ነፃ አኗኗር፣ መጠጡና ሌሊት የሚነጋበት ጨዋታ ይከነክናት ነበር። የዊነርን ሕይወት ያጠኑ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ልጃቸው ቺካጎ ሳለች ከማካሎክ ቡድን ወጣቶች ክብሯን ደፍረዋል ብላ ለባሏ ነገረችው። የሆነ ነገር አልነበረም። ዊነር ግን አልጠየቀም። ከማካሎክና ከእሱ ጋር ከተያያዘ ሰው ሁሉ ጋር ግንኙነቱን ቆረጠ። ምክንያቱንም አልነገራቸውም። ፒትስ በማግስቱ አባቱን ያህል የሚወደው ሰው በኮሪደር ላይ ፊቱን አዙሮ ሲያልፈው አየ፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ኖረ።

እዚህ ላይ የሕግ ሰውነቴ ዝም አይለኝም። የሕግ ትምህርት ቤት ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚማረው መርሕ አለ፤ ማንም ሳይሰማ አይፈረድበትም። ክሱ ይነገረው፤ መልሱን ይስጥ። ሌባም ነፍሰ ገዳይም ይህ መብት አላቸው። ፒትስ አላገኘውም። ክሱ አልደረሰውም፣ ቀጠሮ አልተሰጠውም፣ ፍርዱ ግን ተፈጸመ። ፈራጁ ደግሞ ተራ ሰው አልነበረም፤ ማሽንም ሕያው ፍጡርም ራሱን የሚያርመው ከውጭ መልስ ሲያገኝ ነው የሚለውን ሳይንስ፣ ሳይበርኔቲክስን፣ ለዓለም ያስተማረ ሰው ነው። አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልስ መስማት አቃተው። ሰዎች ዊነርን ሲያሞግሱ ይህን በግርጌ ማስታወሻ ያልፉታል፤ እኔ ግን የግርጌ ማስታወሻ አይመስለኝም። ለዊነር የሚከራከሩለት ደግሞ በሽተኛ እንደነበር፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት እንደሚያጠቃው፣ ከሚስቱ ጋር መጋጨት እንደማይችል ይናገራሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ማቅለያ ይሆናል እንጂ ነፃ አያወጣም።

ሌሎቹ ቆሰሉ፤ ፒትስ ግን ተሰበረ። መጠጥ ጀመረ። ዓመታት የደከመበትን የዶክትሬት ሥራውን፣ ያን በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ፣ ከማስታወሻዎቹ ጋር እሳት ውስጥ ከተተው። ተቋሙ በችሎታው አልጨከነበትም። ወረቀት ላይ ስሙን ብቻ ይፈርም፣ ዶክትሬቱን እንስጠው እስከማለት ደርሶ እንደነበር ሌትቪን ተርኳል። ስሙን አልፈርምም አለ። ምክንያት አልሰጠም። ደመወዝ እየተከፈለው በስም ብቻ በላቦራቶሪው ውስጥ ቆየ።

በመሐሉ አንድ ትልቅ ሥራ ላይ ስሙ አለ። በ1959 ሌትቪን፣ ኡምቤርቶ ማቱራና፣ ማካሎክና ፒትስ የእንቁራሪት ዓይን ለአንጎሏ ምን እንደሚነግር የሚገልጽ ጥናት አወጡ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ዓይን እንደ ፎቶግራፍ ካሜራ ያየውን ነጥብ በነጥብ ወደ አንጎል ይልካል፣ ማሰቡ የአንጎል ሥራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጥናቱ ያሳየው ሌላ ነው። የእንቁራሪት ዓይን ራሱ ይመርጣል። ትንሽ፣ ክብ፣ ጥቁርና የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ ብቻ የሚተኩሱ ነርቮች አሉ፤ በእንቁራሪት ዓለም ዝንብ ማለት ነው።  (ከዚህ ጽሑፍ ርዕስ ጋር ያለውን ዝምድና ልብ ይሏል፤ ዓይኗ ቃሉን ሳይሆን የቃሉን መልክ ነው የምትፈልገው።) ለዓለም ታላቅ ግኝት ነበር። ለፒትስ ግን መርዶ ሆነ። በወጣትነቱ ንጹሕ ሎጂክ በአንጎል ውስጥ ተቀምጦ ዓለምን እንደሚዳኝ አምኖ ነበር፤ ተፈጥሮ ግን ሥራውን ገና ከዓይን ጀምራ፣ ዝብርቅርቅ ባለ መንገድ ታከናውነው ኖሯል። ሌትቪን ይህ ጥናት ጓደኛውን ይበልጥ እንዳስቆዘመው ሲናገር ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት የሚያስተክዙ ናቸው። ይጠፋል፤ ጓደኞቹ በየመጠጥ ቤቱ ይፈልጉታል፤ ያገኙታል፤ መልሶ ይጠፋል። ሳይታረቁ ዊነር በመጋቢት 1964 ስቶክሆልም ውስጥ ሞተ። ፒትስ ከማካሎክ ጋር እንኳ መገናኘት እየተወ መጣ። በግንቦት 14 ቀን 1969 በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ፣ ክፍል በሚያከራዩበት ቤት ውስጥ ብቻውን ሞተ። መጠጥ ጉበቱን ጎድቶት ስለነበር ጉሮሮው ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ፈንድተው ነው የሞተው። ዕድሜው 46 ነበር። ማካሎክ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ተከተለው።

ፒትስ ከመሞቱ 11 ወራት በፊት፣ በሰኔ 1968፣ ኬን ቶምፕሰን የሚባል የቤል ላቦራቶሪ ወጣት መሐንዲስ አራት ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ አሳተመ። የክሌኒን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በአይቢኤም 7094 ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፍ ለመፈለጊያ እንዴት እንደሚጠቀምበት ያሳያል። ዘዴው ብልህ ነው። ማሽኑ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊደል በፊደል ያነባል፤ ወደኋላ አይመለስም። ይህ ፊደል በየትኛው መንገድ ሊሄድ ይችላል ብሎ አንዱን መርጦ ከመሳሳት፣ ሊሆኑ የሚችሉትን መንገዶች በሙሉ ጎን ለጎን ይከተላል፤ የማያዋጣው በየደረጃው ይወድቃል። በኋላ የመጡ ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ትተው አንዱን መንገድ ሞክረው ሲከሽፍ የሚመለሱ ሆኑ። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ በሐምሌ 2 ቀን 2019 ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ በአንዲት ክፉኛ በተጻፈች ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የተነሳ ማሽኖቹ በመመላለስ ብቻ ተጠምደው፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ድረ ገጾች ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዘግተዋል።

ቶምፕሰን በኋላ ዩኒክስ የሚባለውን ሥርዓት ከዴኒስ ሪቺ ጋር ሲሠራ ይኸው መፈለጊያ ኤድ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ ገባ። ጂ፣ አር-ኢ፣ ፒ የሚሉት የትእዛዝ ፊደላት በሰነዱ ሁሉ ፈልግ፣ ይህን መልክ ያለውን፣ አትም ማለት ነበሩ። ሲገጣጠሙ ግሬፕ ይሆናሉ፤ ከ1973 ጀምሮ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆነ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ በብዙ ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ላይ አለ።

ግሬፕ ለምን ተለይቶ ወጣ? የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች እንደሚተርኩት ሊ ማክማሆን የሚባል ባልደረባቸው የፌዴራሊስት ጽሑፎችን ሊመረምር ፈልጎ ነው። እነዚህ በ1787 እና በ1788 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማስጸደቅ በጋዜጣ የወጡ 85 መጣጥፎች ናቸው። ሐሚልተን፣ ማዲሰንና ጄይ ጻፏቸው፤ በስማቸው ግን አልፈረሙም፣ ሁሉም ፑብሊየስ ተብለው ነው የወጡት። ከእነሱ 12ቱን ሐሚልተንም ማዲሰንም የእኔ ናቸው ብለዋል። ሰነዱ በኤድ ለመክፈት ከማሽኑ ማኅደር በላይ ሆነ፤ ስለዚህ ፈላጊው ብቻውን ተነጥሎ፣ ፋይሉን ሳይከፍት መሥመር በመሥመር እያሳለፈ እንዲያነብ ተደረገ። የጸሐፊዎቹን እጅ የሚለዩት ደግሞ ታላላቅ ቃላት አልነበሩም፤ ሞስቴለርና ዋላስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቆች ቀደም ብለው በ1964 እንዳሳዩት፣ ‹‹ላይ›› እና ‹‹ሳለ›› እንደሚሉት ያሉ ማንም ልብ የማይላቸው ትናንሽ ቃላት ናቸው። አሥራ ሁለቱንም በማዲሰን ስም መዝግበዋቸዋል።